የአባታችን ቋጠሮ

ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እትዬ በየነችን ወገቧን ተሻላት ወይ? ዝናቡ ሳይቀድማችሁ የቡናው ለቀማ ማለቁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አርፎ አልተቀመጠም። ያልደወልሁልህ የስልክህን ድምፅ ለቀህ ስለምታወራ ነው። ወረቀቱንም በልጅህ እጅ አልላክሁትም። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ባለባጃጁ ከፈለኝ ከቴፒ ሲመለስ መልእክትህን አደረሰኝ። ሩሐማ ሥጋ አልበላም ብላ ሳህኑን መለሰች፣ ጣቷም ቆስሏል፣ እኅቴ ጫካ ለጫካ እያዞረች ልጄን አበላሸችብኝ፣ ከክበቡ አስወጣታለሁ ብለሃል አሉ። መጀመሪያ ተናደድሁ። ኋላ ግን አዘንሁ፤ የሆነውን የነገረህ የለማ።

የዱር እንስሳት ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ጫካ ይገባል። ጭቃው ላይ ኮቴ እንለያለን፤ ጉሬዛ ሲዘል ዝም ብለን እናያለን። ካለፈው በፊት በነበረው ቅዳሜ ስለ ንብ ነበር የተማርነው። ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች እያሳየሁ፣ እዚህ አገር የቀፎ ባለቤት በቋጠሮው ይታወቃል፣ ሰው ሁሉ የራሱ አስተሳሰር አለው አልኋቸው። በሚቀጥለው ደግሞ የአባቴን አሳያችኋለሁ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ባለፈው ቅዳሜ ኤፍሬም የሚባለው ተማሪዬ ከፊት ሲሄድ ድንገት ቆመ። አንዲት ድኩላ በቃጫ ገመድ ወጥመድ ተይዛ እግሯ እስከ አጥንቷ ተበልቷል። ገመዱን ከእግሯ ላይ ቆርጠን ለቀቅናት። ጥቂት አነከሰችና ወደቀች፤ አልተነሣችም። ልጆቹ አለቀሱ፤ እኔም አላስቻለኝም። ከዚያ ኤፍሬም ገመዱ የታሰረበትን ችካል ነቀለና፣ መምህርት፣ ቋጠሮው እኮ አልተቆረጠም፣ ቀበሌ ወስደን ሽማግሌዎቹ ይዩት፣ የማን እንደሆነ ያውቁታል አለኝ። ያስተማርሁትን ነው የመለሰልኝ። ቀረብ ብዬ አየሁት። አባታችን አንተን ሲያስተምርህ ያየሁት፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ በግራ በኩል ወደ ውስጥ የሚደበቀው ነው።

ሩሐማ፣ እኔ ልያዘው አለች። መንገዱን ሁሉ ከሰው ኋላ ቀርታ ነው የመጣችው። ትምህርት ቤት ስንደርስ ችካሉ ለብቻው፣ ገመዱም ለብቻው ሆኗል። በራሱ ተፈታ አለች። ልጆቹ ማስረጃችንን አጠፋችብን ብለው ተቀየሟት፤ ዛሬ አብሯት የሚቀመጥ እንኳ የለም።

በራሱ ተፈታ! ወንድም ጋሼ፣ ያ ቋጠሮ ማር የሞላ ቀፎ ተሸክሞ ስንት ክረምት የሚከርም ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ እንኳ መፍታት አቅቶን ቀፎዎቹን በገጀራ ቆርጠን አልነበረም ያወረድናቸው? ልጅህ ግን እየሄደች ፈታችው። ጣቷን አይተኸዋል፤ ጥፍሯ ከሥሩ ተነቅሏል።

እኔ አልጠየቅኋትም፤ አንተም አትጠይቃት፣ አትቆጣት። ከክበቡም አታስወጣት። ልጆቹ የቀረ ወጥመድ እንዳለ ለማየት በዚህ ቅዳሜ ጫካውን እናስሳለን ብለዋል፤ እምቢ ልላቸው አልችልም። እሷም አብራ ትወጣለች። እስከዚያ ገና ቀን አለ። ሌላ ጥፍር እንዳይነቀልባት እለምንሃለሁ።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ያቺን ልጅም ያሳድግልህ። ጣቷን ለብ ባለ ውኃና በጨው እጠብላት። እናቷ ሳትሆን አንተው ራስህ እጠብላት።

የምትወድህ ታናሽ እኅትህ