የማሩን መድኃኒት ለወሰደው ልጄ

ብዕሩን የያዘችው የጥሩሸዋ ልጅ ጽዮን ናት፤ ዘመሮ ከተማ ትምህርት ቤት የምታስተምረው። ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የልዑልሰገድ ነው።

ውድ አትናቴዎስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስላለችኝ ነው።

ባለፈው ወር ይሥሐቅ የሚባል ጠበቃ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። የላከው አንተና ሸሪኮችህ የከሰሳችሁት ኩባንያ ነው። ያለ ፍሪጅ የሚቀመጠውን የበግ ፈንጣጣ ክትባት እኔ ፈጠርኩት ብለህ የፈጠራ መብት ማውጣትህን፣ እነሱ ያንኑ ቢሠሩ መብታችን ተጣሰ ብላችሁ ፍርድ ቤት ማቆማችሁን ነገረኝ። ለዳኛ የሰጠኸውንም ቃል አነበበልኝ። «አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነው፤ ስለ ክትባት የሚያውቀው ነገር የለም» ብለሃል።

ፊደል አለመቁጠሬ እውነት ነው። ከዳነች በግ ቅርፊቱን አንሥቶ፣ በጥላ አድርቆ፣ በማር ለውሶ በቀንድ ማስቀመጥን ያሳየህ ማን ነው? የጤነኛዋን ጆሮ ጫፍ ጭሮ መቀባትን ያስተማረህ ማን ነው? ጭረቱን ስታጠልቀው በጥፊ ያልኩህስ?

ጠበቃው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «አባቴ፣ ነገሩ ከልጅዎ በፊት በአገሩ የታወቀ ከሆነ መብቱ ይፈርሳል። ሌላ ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ።

ደረቴን ነፋሁ። «ማንም! የአባቴ መድኃኒት ነው፤ ለአንድ ልጅ እንጂ ለሰው አይነገርም። እናቱ እንኳ አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ አላየችም!»

ወረቀቱን አጠፈ። «እንግዲህ ለልጅዎ መሰከሩለት። የተደበቀ ነገር ታወቀ አይባልም። ከእርስዎ መውሰዱንም ያየ ሰው የለም።» ምሳ እንኳ ሳይበላ ሄደ።

ሌባ አሳደግኩ፤ ምስክርም ሆንኩለት።

እንግዲያው ይታወቅ ብዬ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አስቀመጥኩት። ቀንዱን አውጥቼ፣ በግ አስይዤ፣ አንድ በአንድ አሳየሁ። ጥሩሸዋ ከፊት ነበረች። ፈንጣጣው የገባ ዓመት «በጎቼን ያትርፉልኝ» ብላ እግሬ ላይ ብትወድቅ፣ የቤቴ መድኃኒት ከቤቴ አይወጣም ብዬ የመለስኳት ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ቀንዱን አሸተተች።

«ማር ነው?»

«አዎ።»

«ማር እኮ ቤቴ ነበረ! ሃያ ሰባት በግ ገደል የጨመርኩት ማር አጥቼ ነው?»

ሰዉም የእኔን አፍ ያይ ጀመር።

ጽዮን እዚህ ላይ ብዕሯን አንሥታ፣ «ጋሼ፣ ይህንንም ልጻፈው?» አለችኝ። ጻፊው፤ ይወቀው።

ጠበቃው አሁን ረፍዷል፣ ያንተ መብት አይፈርስም፣ ያለ ፈቃድህ የሚሠራው ሁሉ መብት ጣሽ ይባላል ብሎ ልኮብኛል። እኛም እየሠራን ነው። ና ክሰሰን! ጥሩሸዋን ከዳኛ ፊት አቁማትና ስለ ማሩ ጠይቃት።

ቀንዱን ለጽዮን ሰጥቻለሁ። ስሞት አትምጣ። ቀብሬ ላይ ዓይንህን ያየ ሰው በዱላ እንዲመልስህ አደራ ብያለሁ፤ እሺ ለማለትም አንድ ሰው አላመነታም።

ጽዮን፣ ጨርሻለሁ። በሩን ክፈቺና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ እናትሽም ትስማ።