ሙራድ ያጠበው መስታወት

ሙራድ፣
ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ውኃ ሲመጣ ጀሪካኑን ሙላ፤ የነበረውን በምን እንደጨረስከው አይቻለሁ።

«እዚህ ቤት አንድ ሳህን እንኳ አጥበህ አታውቅም» ብዬ ስለጮህኩብህ ይቅርታ። ግን እልህህን በአስትሮኖሚ ክበባችን ቴሌስኮፕ ላይ ትወጣለህ ብዬ አላሰብኩም። መስታወቱን በኦሞና በሽቦ እንደ ብረት ድስት ፈግፍገህ፣ ከአቧራው ጋር የሚያንጸባርቀውን ቅብም ላጥከው። አሁን ከድስት ክዳን አይሻልም።

ሳህኖቹ ግን አሁንም እንደተከመሩ ናቸው።

ዛሬ ማታ የክበቡ ልጆች ሳተርንን ሊያዩ ቴራሱ ላይ ይሰበሰባሉ። አንተው በሩን ክፈትላቸው፣ ሻይም አፍላላቸው። «ቀለበቷ የት ሄደ?» ካሉህ አትሽኮርመም፤ «ቆሽሾ ነበር፣ አጠብኩት» በላቸው።

ይገረም