ራዲያተሩ ሙሉ ነበር

ዓርብ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እንጅባራ። ጠዋት ውርጭ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ አሁን ግን ጉሙ ከዘንገና ሐይቅ በኩል እየገባ ነው። በግቢው የነበርነው እኔና ጋሽ አድማሴ ብቻ ነን። እሳቸውም አሥር ሰዓት ላይ ሄደዋል።

ውድ ወንድሜ ይኸነው፣

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው ውብአየሁ ነው፤ ከታች ሰፈር ያለው የጭነት መኪና ሾፌር። ባለፈው ወር ቡና ሊጭን ሚዛን ቴፈሪ ሄዶ እንዳገኘህ ነገረኝ። «መኪና ይዟል?» ብዬ ጠየቅሁት። «የለም እንቁ፣ የጋራዥ ዘበኛ ነው። ሰው ሲነዳ ያያል» አለኝ። ስልክህንም ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ደውዬ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ስትል ሰምቼ ዘግቼብሃለሁ። ያ እኔ ነበርኩ። ድምፅህ እንደ አባታችን ወፍሯል።

በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ነው የምጽፍልህ። መሀል ላይ ስትደርስ ልትቀደው ትፈልግ ይሆናል። ጨርሰህ ቅደደው።

ባለቤቴ ደጉ ካረፈ በመጪው ጥር ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ቤቱ ሰፍቶብኛል። አንዳንድ ቀን ማታ ላይ አፌን ስከፍት ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል እንዳልተናገርኩ ትዝ ይለኛል። ሚኒባሱ ግን እዚያው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አለ። እንደተውከው አይደለም፤ ይሠራል።

ጋሽ አድማሴ ዛሬ የመጡትም ስለ እሱ ነው። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ አሁንም እሳቸው ናቸው። መኪናው ተጠግኖ መነሳቱን ሰምተው «ይህን ንብረት ዝም ብለሽ ታስቀምጪዋለሽ? ሾፌር ልፈልግልሽና የዳንግላን መስመር ይሥራ እንጂ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና ሳቅ ብለው «ብቻ እንደ ወንድምሽ ሞተር የሚቀቅል አይሁን» አሉ።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ታውቃቸዋለህ። መናኸሪያው ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አዲስ ሾፌር መስመር ሲገባ «ውሃ እይ፣ ይኸነው እንዳትሆን» ይሉታል። ይህን ከሚሉት ግማሾቹ አንተን በዓይናቸው አይተውህ አያውቁም። ስምህ የተቃጠለ ሞተር ስም ሆኖ ቀርቷል። እሳቸውን ሸኝቼ ተመለስኩና የጋቢናውን ወንበር አንስቼ ሞተሩን ብዙ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

መኪና እንዴት እንደተማርኩ ብነግርህ ትስቃለህ። ከዚያ በፊት ዘይት ማለት ለእኔ ኑግ ነበር። ደጉ በታመመበት ክረምት ከኡስማን ሱቅ ጨው ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታ «የተሽከርካሪ የዕለት ፍተሻ» የሚል አነበብኩ። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ኖሯል፤ ኡስማን አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛ ይጠቀልልበታል። በማግሥቱ ጨው ልገዛ ተመልሼ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ኡስማን «እትዬ እንቁ፣ በሬ ነው የሚያደልቡት ወይስ ጨው ሊነግዱ ነው?» አለኝ። «ወረቀቱን ፈልጌ ነው» አልኩት። ከት ብሎ ስቆ የቀረውን ሰበሰበልኝ። መሀሉ ግን አልቋል። ስለ ጎማ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ፍሬን ዘይት አውቃለሁ። ስለ ማርሽ የሚያወራው ክፍል የሰው በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል።

አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ አየዋለሁ። የዘይቱን መለኪያ ስቤ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ መልሼ አስገብቼ ደግሜ እስበዋለሁ። መጀመሪያ የወጣውን ማመን ስህተት ነው ይላል ወረቀቱ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሀል መሆን አለበት። ከጣቴ ላይ አድርጌ አሸዋለሁ፤ የሚቆረቁር ነገር እንዳለው አያለሁ። የፍሬኑ ዘይት ከጎደለ መሙላት ብቻ አይበቃም፣ የት እንደሄደ መፈለግ ነው። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ሲያበቅል በሙቅ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበዋለሁ። ቺንጊያውን፣ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ላልቶ እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ አስነስቼ ሩብ ሰዓት ያህል ከመሪው ኋላ እቀመጣለሁ። መንዳት አልችልም። የትም አልሄድም። ድምፁን እሰማለሁ፤ ሳጠፋው ግቢው ከበፊቱ የባሰ ጭር ይላል።

ያ የመጀመሪያው ወረቀት ግን ሌላ ነገርም ነበረው። እንዲህ ይላል፦ «ለራዲያተር ንጹሕ ውሃ ወይም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ብቻ ይጠቀሙ። ማዕድን የበዛበት የምንጭ ውሃ ሲሞቅ ነጭ ድንጋይ እየሠራ ቱቦዎቹን ይደፍናል።» ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት።

ይኸነው፣ ራዲያተሩን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

አንተና ደጉ ሚኒባሱን እንደገዛችሁ ሰሞን ቻግኒ መውረጃው ላይ አንድ መኪና ተገልብጦ አራት ሰው መሞቱን ታስታውሳለህ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ያለኝ ሰው ሁሉ ሁለታችሁ ናችሁ፤ ሁለታችሁም የምትሄዱት በአንድ መኪና ነው። ከጫካው ሥር ከሚፈልቀው ጠበል፣ ያ ስትጠጣው አፍ የሚቆነጥጠው፣ መኪናውን በየቅዳሜው አንድ ጀሪካን ላጠጣው ተሳልኩ። አንተ ውሃ ስትቀይር አይቼ ነበር። ከታች ያለችውን መክፈቻ ፈትቼ ትንሽ አፈስሳለሁ፤ በምትኩ ጠበሉን እስከ አፉ እሞላለሁ። አንተ ከመነሳትህ በፊት ነው። አንተ መጥተህ ክዳኑን ትከፍትና «እታለም፣ ይህ መኪና እንደ ግመል ነው፣ ውሃ አይጠይቅም» ትለኝ ነበር። እኔም ውስጤን ደስ ይለው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የሰጠሁት ነገር ከተወራ ዋጋ ያጣል ብዬ ነበር። ደጉም መኪናውን ሴት እንድትነካበት አይወድም፤ ይህንንም እፈራ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግሁ።

ጠበሉን አልከስም። ለሰው የተሰጠ ነው፤ ለብረት ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

ይህ ሳላውቅ ያደረግሁት ነው። ሳላውቅ ስላደረግሁት ይቅር ልትለኝ ትችል ይሆናል። አሁን የምነግርህን ግን አውቄ ነው ያደረግሁት።

ጥቅምት 2012፣ ያ ቅዳሜ። ከቻግኒ ተሳፋሪ ጭነህ ዳገቱን ስትወጣ ሞተሩ ፈላ። ክዳኑን ስትከፍት እንፋሎቱ ክንድህን ላጠው፤ ውሃው ሁሉ ተረጨና ጠፋ። ተሳፋሪዎቹ ያዩት ባዶ ራዲያተር ነው። ማክሰኞ ጋሽ አድማሴን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች በግቢያችን ተቀመጡ። ክንድህ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። «ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ራዲያተሩ ሙሉ ነበር» አልክ። ደጉ «ውሸታም» አለህ። ጋሽ አድማሴ ደግሞ «ልጄ፣ ውሃ ሙሉ የሆነ ሞተር አይቃጠልም። አላየሁም በልና እንታረቅ» አሉህ። አንተ «አይቻለሁ» አልክ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለህ አየኸኝ። የእኔ ምስክርነት እንደሚያስፈልግህ አታውቅም ነበር፤ እህትህ ስለሆንኩ ብቻ ነው ያየኸኝ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሙሉ እንደነበር አውቃለሁ። ያን ጠዋት በእጄ ነው የሞላሁት። «እውነቱን ነው» ብል ይበቃ ነበር። ደጉ «አንቺ በምን አወቅሽ?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። መሬቱን አየሁ። በማግሥቱ ስነሳ አልጋህ ባዶ ነበር።

ከአንተ በኋላ ደጉ ሁለት ሾፌር ቀጠረ፤ ሁለቱም ላይ ፈላ። «አንዴ የተቀቀለ ሞተር ነው» እያለ ጥፋቱን አንተው ላይ አደረገ፤ ከዚያ መኪናውን አቆመው። ያን ወረቀት ካገኘሁ በኋላ እንኳ ልነግረው እችል ነበር። ሊያርፍ ሳምንት ሲቀረው «ይኸነው አልደወለም?» አለኝ። «አልደወለም» አልኩት። «ክፉ ተናገርኩት» አለና መልሶ «ግን ውሃውን ማየት ነበረበት» አለ። ወረቀቱ እሱ የተኛበት ፍራሽ ሥር ነበር። ውሃ አጠጣሁትና ወጣሁ። አንተን እንደ ጥፋተኛ ቆጥሮ ሞተ።

ባለፈው ዓመት መካኒኩ ምሕረት ራዲያተሩን አውርዶ በመጋዝ ቆረጠልኝ። ቱቦዎቹ ውስጥ እንደ ኖራ የነጣ ነገር ጠጥሯል። «ምን ስታጠጡት ነበር? ሲሚንቶ ነው?» አለኝ። ያኔም ዝም አልኩ። አዲስ ተገጠመለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልፈላም።

ዛሬ ጋሽ አድማሴ በሩ ላይ ቆመው ሲስቁ አብሬያቸው ፈገግ አልኩ ይኸነው። ፈገግ ካልኩ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ነገ ጠዋት ውብአየሁ ከመናኸሪያው አጠገብ ይነሳል። ደብዳቤውን ልሰጠው ስሄድ የማደርገውን አድርጌ እጽፍልሃለሁ። ካላደረግሁ ደብዳቤው አይደርስህም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ውብአየሁ ጭነቱን እያሰረ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ነጠላዬን ደርቤ ደብዳቤውን ብብቴ ውስጥ ይዤ በእግሬ መጣሁ። ባጃጅ ቆሞልኝ ነበር፤ አልገባሁም፤ ቶሎ እንዳልደርስ ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን ሾፌሮቹ ተራ ይዘው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጋሽ አድማሴ መዝገባቸውን ይዘዋል። «ምነው እንቁ፣ ሾፌሩ ሳይገኝ ራስሽ ተራ ልትይዢ መጣሽ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። «የምናገረው አለኝ፣ ሁሉም ይስማኝ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ደግሜ አልኩት።

ለአንተ የጻፍኩትን ነው የነገርኳቸው። ጠበሉን፣ ጀሪካኑን፣ ያን ቅዳሜ። ደረሰ የሚባል ረጅም ሾፌር አለ፤ «ታዲያ ሞተሩ ሱባዔ ገብቶ ነው የቆመው በይን» አለ። ሳቁ። እኔ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ጋሽ አድማሴ አልሳቁም። ሲናደዱ ወደ አገውኛ ይገቡ የለ፣ በአገውኛ ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ለእኔ በቀስታ፦

«ያን ቀን ሙሉ እንደነበር በዓይንሽ አይተሻል?»

«በእጄ ነው የሞላሁት።»

«በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። አስታውስሻለሁ።»

«አዎ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ።»

መዝገባቸውን ከደኑ። «ለነገሩ እኛም አልጠየቅንሽም» አሉ። «ልጁን ስድስት ዓመት በከንቱ አሰደድነው» ብለው ተነሱ። አግዳሚው ላይ ወጡ። ዳንግላ፣ ቻግኒ እያሉ በሚጠሩበት ድምፅ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገውኛ «ይኸነው ጥፋት የለበትም፤ ውሃው ነበረ» ብለው ተናገሩ። ደረሰ ኮፍያውን አወለቀ። አንዳንዱ ሾፌር ቀና ብሎ አየኝ፤ አንዳንዱ ጎማውን መርገጡን አላቆመም። ተሳፋሪው ጓዙን እየጎተተ ያልፋል። ጋሽ አድማሴ ወርደው ከጎኔ ተቀመጡ፤ እስካሁን አልተነሱም።

ና አልልህም። የምታፍርበት ነገር እዚህ እንደሌለ ግን እወቅ፤ የማፍረው እኔ ነኝ፤ እሱንም ጀምሬዋለሁ። ከዛሬ በኋላ ስደውል አልዘጋም።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ፣ ሁለት ዶሮ ያቀፈች፣ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ የምትሄድ ተሳፋሪ አጠገቤ ቆማ «እኒህ አባት ቅድም የጠሩት የትኛውን ይኸነው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ወንድሜን ነው» አልኳት።

ውብአየሁ ሞተር አስነስቷል።

ሳትጠይቃት የተናገረችልህ፣ ግን ዘግይታ፣
እህትህ እንቁ