ከሂክማ ጎን የተቀመጠችው ልጅ

ለውድ እህቴ ለጀዋሪያ፤

ድሬዳዋ ሁላችሁም እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ በዚህ በጅቡቲ፣ በካርቲየ 6 ሰፈር ሙቀት እየቀለጥንም ቢሆን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ሂክማ ትምህርት ጀምራለች። ፈረንሳይኛዋ በጣም ከመሻሻሉ የተነሳ አሁን ስትሰድበኝ እንኳ አይገባኝም። እዚህ ተማሪ የሚቀመጠው በአባት ስም ተራ ነው። ስለዚህ ሂክማ፣ ሰብሪና ከይረዲን ጀላሉዲን ከምትባል ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ደርሷታል።

ባሌ ከይረዲን ጀላሉዲን ይህን ስነግረው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! በዚህ አገር ከይረዲን እንደ ሙዝ በየደጁ ነው» አለኝ። «ጀላሉዲንስ?» አላልኩትም፤ እራት እየበላ ነበር።

ሂክማ ግን ወሬዋ አያልቅም። «እማዬ፣ የሰብሪናም አባት እንደ አባዬ ወደብ ነው የሚሠራው። ቤት የሚያድረው ግን ሐሙስና ዓርብ ብቻ ነው» ትለኛለች። የእኛን አባወራ ደግሞ ሐሙስና ዓርብ መርከብ ማራገፍ ያሳድረዋል። ለካ መርከብም ቀን ይመርጣል።

ድሬዳዋ ሳለን ሂክማ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች የማያውቅ ሰው፣ አሁን «አንቺን ፀሐዩ ይጎዳሻል» እያለ ራሱ ያመላልሳታል። አላህ ይስጠው። የፊታችን ቅዳሜ ግን፣ እዚህ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ፣ ጃንጥላ ይዤ እኔ ልወስዳት አስቤያለሁ። የሰብሪናን እናት ሰላም ሳልል መቅረቴ ነውር ነው።

ለድሬዳዋው ቤቴ ተከራይ አግኝቻለሁ ያልሽኝን ለጊዜው ተዪው። ሰውየው ከጠየቀሽ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም በዪው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለእሷ «ነጃትን ጅቡቲ ተስማምቷታል» በዪልኝ።

አላህ በደህና ያገናኘን።

እህትሽ ነጃት