ሣር ላይ የተሻገሩት ወንዝ

መጋቢት 15

ዛሬ ምንም የለም። የሒሳብ የቤት ሥራ፣ ልብስ አጠባ፣ ልዝነብ አልዝነብ የሚል ሰማይ።

አመሻሽ ላይ ወንድም ጋሼ ከሥልጠና ተመለሰ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሲያየው ከማሽኑ ቀና ብሎ ጀመረው፦ «የቅዳሜ ወታደር መጣ! እኔ የምልህ፣ ጠላት ማክሰኞ ቢመጣስ?»

«ማክሰኞ ሥራ ላይ ነኝ። ትኬት ቆርጦ ይሳፈር።»

እውነቱን ነው። አዘቦቱን የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ካምፕ ይገባል። ተጠባባቂ ጦር። መደበኞቹ ወታደሮች ኑሯቸው እዚያው ነው፤ እሱ እንግዳ ነው።

የሱሪው ጉልበት አረንጓዴ ሆኗል። እማዬ «ምን ስትድህ ዋልክ?» አለችው።

«ወንዝ ስሻገር።»

«ደረቅ ነህ እኮ!»

ሳቁ አላስወራው አለ። ለካ ሜዳው ላይ በኖራ ሁለት መስመር አስምረው፣ ይሄ ወንዝ ነው ብለዋቸዋል። መሐሉ ላይ ካሚዮን አቆሙ። መኪና ውኃ ውስጥ ቢቆም ሾፌሩ ገመድ ይዞ ቀድሞ ይወርዳል፣ ዳር ካለ ዛፍ ጋር ያስራል፣ ሌሎቹ ገመዱን ይዘው ይወጣሉ። ሾፌሩ ዳር ቆሞ ይቆጥራል። ተመልሶ አይገባም። ሾፌሩ እሱ ነበር፤ ግን ሁሉም ከወጣ በኋላ ተመልሶ የካሚዮኑን ሸራ ገልጦ አየ። አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ «አንተ! ትኬት ልትቆርጥ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ወድቆ ሳቀ።

«ደገማችሁት?» አልኩት።

«ሰዓት አልቆ ነበር። መደበኞቹ እውነተኛው ወንዝ ውስጥ ነው የሚለማመዱት፤ እስኪያንገሸግሻቸው። እኛ... ሣሩ ይበቃናል።»

«ዋና ሳትችል ተሻገርክ ማለት ነው።»

በኮፍያው ጭንቅላቴን መታኝ።

መጋቢት 18

ከትምህርት ቤት ስመለስ በእሱ አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄደ። እያንዳንዱን ወንበር፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩንም። ትኬት ቆራጯም እንደ ልማዷ፦

«አገኘኸው?»

«የለም። ዛሬ ቤት ነው።»

እዚያው አጠገቧ ቆሜ! የሚሳቅበት እኔው ነኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከእሱ ጋር ስዞር ውዬ የኋላው ወንበር ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ። ከእማዬ ጋር የሄድኩ መስሎት አውቶቡሱን ጋራዥ ቆልፎ ቤቱ ገባ። ጨለማው ትዝ ይለኛል። በሩን መጥቶ የከፈተልኝ ራሱ ነው፤ በባዶ እግሩ። ከዚያ ወዲህ ኋላውን ሳያይ ወርዶ አያውቅም።

መጋቢት 28

ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ከከተማው በላይ ያሉት መንደሮች ውኃ ውስጥ ናቸው አሉ። መደበኛው ጦር ስላልበቃ ተጠባባቂው ተጠራ።

«ካልሲ ደርብ» ትለዋለች እማዬ።

«እማዬ፣ ጎርፍ እኮ ካልሲ አይፈራም።»

«አንተ አፍ ብቻ!»

በር ላይ ሆኖ ጠራኝ። ሒሳብ እየሠራሁ ነበር። ቀና ሳልል «ቻው» አልኩት።

መጋቢት 30

ስልክ የለም። ዝናብ ብቻ።

ሚያዝያ 2

ወንድም ጋሼ ሞተ። ትናንት። ውኃ ወሰደው።

ሚያዝያ 7

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ሁሉም ያወራል። አጎቴ፦ «ድሮስ! በወር ሁለት ቀን የሠለጠነ ሰው ጎርፍ ውስጥ ይላካል? መደበኛ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።» እንደ ሞኝ የሞተ ይመስል።

«በቃህ፣ ልጁ ይሰማሃል» አለው ልብስ ሰፊው። ሱቁን ዘግቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ውጪ ሲያገኘኝ እጄን ያዘኝ። «እኔ እኮ ስቀልድ ነው... ማክሰኞ ያልኩት።»

የሞተው ማክሰኞ ነው።

ሚያዝያ 13

ወሰንኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው ይቅርብኝ። አሥራ ስምንት ሞልቶኛል፤ መደበኛ ወታደር እሆናለሁ። የገደለው ግማሽ ነገር ነው። እኔ ሙሉውን እማራለሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። የታጠበውን መልሳ አጠበችው።

«አንተም?»

ሚያዝያ 20

ሃምሳ አለቃው መጣ። ያ በቀልድ የማውቀው። ግዙፍ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው... ቀጭን ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«እንዴት ሆነ? ሳትደብቅ ንገረኝ፣ ልጄ» አለችው እማዬ።

ነገራት። ካሚዮኑ ከመንደሩ ሰዎች ጭኖ ሲመለስ ሞተሩ ውኃ መሐል ጠፋ። ወንድም ጋሼ ገመዱን ይዞ ቀድሞ ወረደ። አሰረ። ሰዎቹ በሙሉ ወጡ፤ ሕፃናቱም።

«ልክ እንዳሠለጠንኩት፣ እናቴ። ምንም አላጎደለም።»

«እና?»

«እና... ተመለሰ። ‹ሁሉም ወጥቷል፣ ና!› ብዬ ጮህኩ። ሰምቶኛል። እጁን አነሳልኝ፤ ‹አንዴ› እንደሚል ሰው። ሸራውን ገልጦ ገባ። ያኔ ውኃው መኪናውን ገለበጠው።»

«ማን ቀርቶ ነበር?»

«ማንም።»

«መደበኛ ወታደር ቢሆን ኖሮስ?» አልኩት።

«መደበኛው እዚያ ወንዝ ውስጥ ደጋግሞ ይገባል። ‹አትመለስ› የሚለው እግሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማሰብ አያስፈልገውም። ወንድምህ ግን በወር ሁለት ቀን የእኔ ነው፤ የቀረውን ቀን የአውቶቡሱ። ሰው ሲጨንቀው የተነገረውን አይደለም የሚያደርገው። የለመደውን ነው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የእሱ ነው?»

«ሣሩ ላይ ኖራውን ያሰመርኩት እኔ ነኝ» አለ። ኮፍያውን ማሽከርከር ተወ።

እማዬ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ትላለች፣ ደጋግማ። «ምን ፈልጎ ይሆን ልጄ?» ሃምሳ አለቃው አላወቀም።

እኔ አወቅሁ። ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

ሚያዝያ 21

የኋላው ወንበር ሥር።

ማንን ነው የፈለግከው፣ ጋሼ? ቤት ነበርኩ እኮ... ምናለ ያኔ ባልተኛሁ። ምናለ አንድ ቀን እንኳ ኋላህን ሳታይ መውረድ በለመድክ።

ሚያዝያ 29

ለማንም ያልነገርኩትን ለትኬት ቆራጯ ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ተቆጣች።

«ሞኝ አትሁን! ከአንተም በፊት ኋላውን ያይ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ውሸቷን ነው። እሷ ሥራ የጀመረችው እኔ ከተገኘሁ በኋላ ነው። ታሪኩንም የሰማችው ከእሱ አፍ ነው። «እሺ» አልኳት።

«ደግሞ ስንቱን አግኝቷል መሰለህ! እንቅልፍ የጣላቸው ሽማግሌ፣ የሰከረ ሙሽራ... አንዴ ዶሮ አግኝቶ፣ ‹ትኬትሽ የታለ?› ብሎ ተቆጣት።»

ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አፈርኩ።

ግንቦት 11

ካምፕ ሄድኩ፤ ልመዘገብ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ጫማዬን ስወለውል ግን እያየችኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃውን ስጠይቅ ወንዝ ዳር ነው አሉኝ። እውነተኛው ወንዝ። ካሚዮኑ ጎማው እስኪሸፈን ውኃ ውስጥ ቆሟል። ውስጡ ያሉት ተጠባባቂዎቹ ናቸው፤ የቅዳሜና እሁዶቹ። ብርዱ ከንፈራቸውን አጥቁሮታል።

«አለቆቼን ለምኜ ነው» አለኝ። «ኖራ በቅቶኛል።»

ሾፌሩ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ አዘቦቱን ዳቦ ጋጋሪ ነው አሉ። ገመዱን ይዞ ዘለለ፣ አሰረ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ከዚያ... ዞረ። አንድ እግሩን መልሶ ውኃው ውስጥ ከተተ።

«ተው!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋጋሪው ባለበት ደርቆ ቀረ።

ሃምሳ አለቃው አልተቆጣኝም። «ሰማህ? እንደገና!» አለው ጋጋሪውን። እንደገና። አሁንም እንደገና። ጋጋሪው «አለቃ፣ ሊጥ አደረግከኝ እኮ!» እያለ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ዳር ላይ ቆሞ ቆጠረ። አልዞረም።

ይቺን ብቻ። ቀድመው ይቺን ብቻ ቢያደርጉለት...

«ለምን መጣህ?» አለኝ ሃምሳ አለቃው።

«ልመዘገብ ነበር።»

«ነበር? እናትህ ታውቃለች?»

የወለወልኩትን ጫማ አየሁ፤ ጭቃ ሆኗል።

«ሂድ ፈተናህን ተፈተን። ወንዙ የትም አይሄድም።»

ሰኔ 12

ፈተናው አለቀ። ሒሳቡ ከብዶኛል።

ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት፤ አልመዘገብም። ቢያንስ አሁን። ቆማ አየችኝ፣ አየችኝና «ካልሲ ደርብ» አለችኝ። ፀሐይ ነው። ደረብኩ።

ምን ፈልጎ እንደተመለሰ ግን እስካሁን አልነገርኳት። አንድ ቀን እነግራት ይሆን? እንጃ።

ስመለስ እሱ ይነዳው በነበረው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ አዲሱ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ስልክ እያወራ ወረደ። ኋላውን አላየም። ልቆጣ አልኩና ተውኩት። እንዲህ ቢለምድ ይሻለዋል...

እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። እያንዳንዱን ወንበር። የኋላው ጋ ስደርስ ተንበረከክሁ። አቧራ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የተጨማደደ ትኬት። እንዴት ጠባብ ነው! እንዴት በቃኝ ያኔ?

ትኬት ቆራጯ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

«አገኘኸው?»

ተነስቼ ጉልበቴን አራገፍኩ።

«አዎ» አልኳት። «ቤት ሊገባ ነው።»