ትከሻ የሚያስገባ ፍሬም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የብስክሌቴ ፍሬም ገነተ ማርያም መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ሳምንት ሞላው። የሰፈሩ በያጅም አሉሚኒየም አልነካም ብሎ መልሶኛል። ዛሬ ግን አዲሱን መረጥኩ።

አዲስ አበባ ያለችው ሻጭ የሁለት ፍሬሞች ፎቶ ልካልኝ ነበር። ሁለቱም ጉብታ የሚውጥ የኋላ አሞርዛተር አላቸው። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ወደር የለውም ስላለችኝ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ብቻ ሳይ ሰነበትኩ።

ጠዋት ለጎረቤቴ ለአያ ደምሴ አሳየኋቸው። እንግዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ተራራ የሚያወጡ ሰው ናቸው፤ ብስክሌት ነድተው አያውቁም። የመጀመሪያውን ፎቶ ትክ ብለው አዩና፣ "ታዲያ ዳገት ላይ ማን ይሸከመዋል?" አሉኝ።

"እኔ ነኛ፣ አያ።"

"በየት በኩል? ትከሻህ የሚገባበት የታለ?"

እውነታቸውን ነው። የዚህኛው አሞርዛተር ፍሬሙ መሀል ለመሀል ስለተገተረ ክንድ እንኳ አያሳልፍም። እኔ ደግሞ አሸተን በወጣሁ ቁጥር ከምነዳው የምሸከመው ይበልጣል። ስድስት ዓመት ስሸከም ኖሬ ስለ ቁልቁለት ብቻ ስጠይቅ ከረምኩ!

ለሻጯ ደውዬ፣ "በሁለተኛው ፍሬም ውስጥ ክንድሽን አስገቢና ፎቶ አንሺልኝ" አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን ላከችው። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገብቷል። "በቃ፣ እሱን ላኪልኝ" አልኳት። ቅንጣት ታህል አላመነታሁም።

ማምሻውን አያ ደምሴ ፎቶውን አይተው ደስ አላቸው። ቆየት ብለው ግን፣ "እንግዲህ ተሸክመኸው የምትወጣ ከሆነ ለምን በቅሎ አትገዛም?" አሉኝ።

ፍሬሙ ይምጣ ብቻ። መልሱን ቁልቁለቱ ላይ አሳያቸዋለሁ።