የቆሙት ሁለት ማሽኖች

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ

ለልጄ ለእምነት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጻፈ ሰው እንደምን ሰነበትሽ ሲል እንደሚያናድድ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እናደድ ነበር። ቢሆንም ሰላምታ ካልቀደመ ደብዳቤ አይሆንምና ተቀበይው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አክስትሽ የሺሐረግ በመስከረም የላክሽላትን መልእክት አነበበችልኝ። እንዳትነግሪው ብለሻት ነበር፤ አትቆጫት፣ አፋጥጬ ያስነበብኳት እኔ ነኝ። በሕፃናት ክፍላችሁ ካሉት አራት የኦክስጅን ማሽኖች ሁለቱ ቆመዋል ብለሻል። "ማን ይቅደም ብዬ የምመርጠው እኔ ነኝ" ብለሻል። ከዚያ ደግሞ "አባዬ ቢኖር በአንድ ቀን ያስነሳቸው ነበር" ብለሻል።

በአንድ ቀን አይነሱም። እንደ አቧራው ሁኔታ ሦስት ቀን ይፈጃሉ። ግን ይነሳሉ።

ስለዚህ ወደ ደቡብ ሱዳን እመጣለሁ። ከጊዜው ቀድሜ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ላገለግል ፈርሜያለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል መሣሪያ ስጠግን በእርዳታ መጥቶ ከነካርቶኑ መጋዘን ውስጥ የበሰበሰ፣ አንድ ፊውዝ አጥቶ ሸራ የለበሰ ስንት ማሽን አየሁ! ስብሰባ ላይ ስናገር "ኢንጂነር ቀናው ደግሞ ጀመረው" ይሉኛል። አሁን መናገሩን ትቼ ካቻቪቴዬን ይዣለሁ።

ዝግጅቱ ቀላል አልነበረም። የሚልከኝ ድርጅት የጤና ምርመራ አዘዘ። ክሊኒክ ስሄድ የደም ግፊት የምትለካው ልጅ መቶ ሰባ አለች።

"መለኪያሽ ተበላሽቷል" አልኳት።

"አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ሰው ለክቼበታለሁ እኮ።"

"ሠላሳውንም አሳስተሻላ!"

ተቀብያት ፈታሁት። በእርግጥም ጎማው ትንሽ አየር ያስወጣ ነበር፤ ዘጋሁት። እንደገና ለካችኝ፤ መቶ ሰባ አምስት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ "አሁን በደንብ ተሠርቷል" አለችኝ። የተበላሸው መለኪያው አልነበረም። ኪኒን እየዋጥኩ፣ ጨው ትቼ፣ በየጠዋቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ በእግሬ እየሄድኩ በስድስት ሳምንት ወደ መቶ ሠላሳ አምስት አወረድኩት። አለፍኩ። የቢጫ ወባ ክትባቱንም ወስጃለሁ።

የተፈቀደልኝ ሠላሳ ኪሎ ነው። ፊልተር፣ ቱቦ፣ ፊውዝ፣ መልቲሜትርና የኃይል መቆጣጠሪያ ሃያ አራቱን ወሰዱ። ሻንጣውን ስመዝን ጎረቤታችን ዳሲቱ አንድ ባልዲ ጭኮ ይዛ ገባች።

"ለእምነት ነው" አለች።

"ቦታ የለም። እኔ የምሄደው ማሽን ልጠግን እንጂ እሷን ልጠይቅ አይደለም።"

እጇን ወደ ሻንጣው ሥር ሰደደች። "እና ይኼ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ሸራ ጫማ ለማሽኑ ነው?"

ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምትውዪ ነው የገዛሁት። ጃኬቴን አወጣሁና ጭኮውን አስገባሁ። ዳሲቱ እስካሁን ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "ማሽኑ ጫማው ልክ ሆነለት?" ትለኛለች።

አሁን አንቺን የሚመለከተው ነገር። ከድርጅቱ ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ዶክተር ፊርዶስ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ግን ቀልድ አታውቅም። ወድጃታለሁ።

"እዚያ ቤተሰብ አለዎት?" አለችኝ።

"ልጄ አለች። ነርስ ናት።"

"መምጣትዎን ታውቃለች?"

ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን ስቴፕለር አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ።

"እንግዲያው ይንገሯት። ካልተስማማች ሌላ ሆስፒታል እንመድብዎታለን። የቤት ጠብ ሕፃናት ክፍል አናስገባም።"

ተናድጄ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሳስበው ግን ደንቡ ትክክል ነው። እኔም ባወጣው እንዲሁ ነበር የማወጣው። ስለዚህ እነግርሻለሁ፤ እጠይቅሻለሁም። ብመጣ የምኖረው ከወንዶቹ ሠራተኞች ጋር ነው። በሽተኛ ፊት ሲስተር እምነት እልሻለሁ፤ አንቺም አቶ ቀናው በይኝ። በሥራሽ አልገባም። ማሽኖቹን በሚመለከት ግን ማንም በሥራዬ አይግባ።

አንድ ነገር ቀረ። የሄድሽ ዕለት ጠዋት "እዚህ አቃቂ በሽተኛ አልቆ ነው ሰው አገር የምትሄጂው?" ብዬሽ ነበር። ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ አንገትሽን ደፋ አደረግሽ። ምን እንደምትጠብቂ አውቄ ነበር። እናትሽ ብትኖር እሷ ትልሽ ነበር፤ የቀረሁሽ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፈታሁት ራዲዮ ላይ ዓይኔን ሳላነሳ "የደረጃው መብራት ተቃጥሏል፣ ስትወርጂ ተጠንቀቂ" አልኩሽ። እርምጃሽን እስከ ታች ቆጠርኩት። ስልሳ አራት ነው። አምፖሉን በማግሥቱ ቀየርኩ።

ያኔ የምትጠብቂው ይኸውልሽ፦

የነካሽው ይዳን። እጅሽ አይዛል። በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። የሕፃናቱ እናቶች ስምሽን በደግ ያንሱት። ማን ይቅደም ብለሽ የማትመርጪበትን ቀን ያምጣልሽ። ወጥተሽ ግቢ፣ ልጄ።

ምርቃት አሜን የሚል ይፈልጋል፤ እዚህ ቤት ደግሞ ማንም የለም። ልምጣ ካልሽ እስከ ኅዳር 30 ለየሺሐረግ ደውለሽ አሜን በያት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አውሮፕላኑ ወደ ጁባ የሚነሳው ታኅሣሥ 14 ነው። ዝም ካልሽ ወደ ሌላ ሆስፒታል እሄዳለሁ። መለዋወጫውን፣ አፈታቱን ቁጥር በቁጥር ከጻፍኩበት ወረቀት፣ ከጭኮውና ከጫማው ጋር በሰው እልክልሻለሁ። ምርቃቱ ግን አሜን አልሽም ዝም አልሽም ያንቺ ነው።

አባትሽ
ቀናው አያና

እስክመጣ ድረስ ማሽኖቹን ማንም እንዳይከፍታቸው።